አቤት ባይ

ጊምሊ፣ ማኒቶባ፤ ሐይቁ እስከ ሚያዝያ የማይፈታበት፣
የአረጋውያን ማረፊያ፣ የሌሊት ፈረቃ የምገባበት።
ክፍል አሥራ አራት፣ ስቴፋንያ አይናርሰን፣
ዘጠና አንድ ዓመቷ፣ እንቅልፍ የተጣላት ባልቴት።
አንቱ በሌለበት ቋንቋ ነውና የምናወራው፣
አንቺ ስላት ይቅር በሉኝ።
ደረቴ ላይ ያለውን ካርድ በጣቷ ነክታ
ጠየቀችኝ በመጀመሪያው ማታ፦
«አንለይ ማነው?»

ሃያ ዓመት ስኖር እንዲህ ያለኝ የለም፤
«እንዴት ይጻፋል?» ይላሉ እንጂ፣ «ማነው?» አይሉም።
«አባቴ ነው» አልኳት።
ሳቀች። ጥርሷ ራስጌዋ፣ ብርጭቆ ውስጥ ነበር።
«የእኛም ሰዎች እንዲሁ ነበሩ፣ በዚያ በደሴቱ አገር፤
ልጅ በአባቱ ይጠራል፣ የልጅ ልጅ በሌላ፤
ስም ይፈስስ ነበር እንደ ወራጅ ውሃ፣ ሳይል ወደ ኋላ።
ከመርከብ ወርደው ሲመዘገቡ ግን፣ ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ
አይናር ላይ አቆመው፤ ቀረ እንደ ሐይቁ ተጋግሮ።
ይኸው እኔ፣ አምስት የወለድኩ አሮጊት፣
‹የአይናር ወንድ ልጅ› እባላለሁ፣
ዘጠና አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሴት!»

ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ የዊኒፔጉ ማዋለጃ ትዝ አለኝ፤
«የቤተሰብ ስም» የምትል ጠባብ ሣጥን አፍጥጣ ስታየኝ፣
አንለይ ብዬ ሞላሁ፣ ራሴን ዘልዬ።
ኤልዳና ጥጋቡ መባል ሲገባት ልጄ፣ የአብራኬ ክፋይ፣
ወረቀት ላይ እህቴ ሆነች፦ ኤልዳና አንለይ።

ታኅሣሥ ላይ የእህቷ ልጅ ኬክ ይዛላት መጣች፣
ሰባት ንጣፍ፣ በየመሐሉ የፕሪም ማርመላታ፤
በሹካዋ ጫፍ ቆጠረቻቸው፣ አንድም እንዳይጎድል ፈርታ።
«አንድ በጋ ከደሴቱ እንግዶች መጡ» አለች፣ «ቀመሱ፤
‹እኛ ይህን ከተውነው ቆየን› ብለው ተጠቃቀሱ።»
«ከፋሽ?»
«ለምን ይክፋኝ? እነሱ ደሴቱ አላቸው፤
ቢረሱትም፣ ሲነጋ እዚያው ነው መንቂያቸው።
እኔ ያለኝ ዱቄት ነው።»
«አይተሽው ታውቂያለሽ?»
«አላየሁትም። አውሮፕላን እፈራለሁ።»
ቁራሹን በወረቀት ጠቀለለችው። ለልጅህ፣ አለች።

ልጄ በአማርኛ ስጠራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፤
የቅዳሜውን ፊደል «ሆዴን አመመኝ» ብላ ነው የተወችው።
ያን ቀን ግን፣ ከንፈሯ ላይ የኬክ ፍርፋሪ፣
«አንለይ ማነው? በየጠዋቱ እሱን ነው የሚጠራው አስተማሪ።»

«ሰባት ቤት ይቆጠራል» አልኳት። ከራሷ ጀመርን፦
ኤልዳና፣ ጥጋቡ፣ አንለይ፣ ደርሶ፣ ጫኔ…
እዚያ ላይ ምላሴ ታሠረ፤ እስከዚያ ነበር ለካ የማውቀው እኔ።
ቡሬ ላለው አጎቴ ደወልኩ፦ «ከጫኔ በላይ ማን ነበር?»
«ምን ያደርግልሃል?» አለ። «እዚህ ማን ይጠይቀናል?
ሁሉም ያውቀናል በሰፈር።»

ሰባት ሣጥን ሠራች፤ ሁለቱን ባዶ ተወች።
«ውሸት እንዳትሞላበት» አለች።
«ትርጉሙስ?»
ሦስት ቀብራ ነበር እናቱ እሱን ስትወልድ፤
አንለይ አለችው፣ እንደ መለማመጥ፣ እንደ ማስገደድ።
ኤልዳና ሹካውን አስቀመጠች።

አንለይ ደርሶ በረዶ ሳያይ ሞተ፤ ክረምት ለእሱ ዝናብ ነበር።
ሐይቁ በነጭ ዝምታ በተዘጋ ጠዋት፣ በዚህ ዳር፣
አስተማሪው «አንሊ» ብሎ፣ አጣሞ፣ ይጠራዋል፤
ከሦስተኛው ወንበር ትንሽ እጅ ብድግ ይላል።
ሙት ሲጠራ ዝም ይላል፤ እሱ ግን አቤት ባይ አለው።
በየትኛው ቋንቋ እንደምትመልስለት
አልጠየቅኋትም።